የወደቀን ስለ ማንሣት

ለተከበረው የላስታ ሕዝብ በታላቅ ደስታ ይገለጻል፦ የአምቡላንሳችን ሳይረን ተጠግኗል። ከእንግዲህ እስከ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ይሰማል። አምቡላንሷ ግን ጎማ እስኪመጣላት ድረስ ቆማ ትጮኻለች።

ይህን የምሥራች የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ፣ ከአምቡላንሷ ነርስ ከሙሉሃብት አፍ ነው። በአጋጣሚ ከጎናችን በሽተኛ በትከሻ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው የቃሬዛ ማኅበር ሊቀ መንበር አያ ገብረመስቀል ተሳፍረዋል። ሙሉሃብት የአደጋ ሕክምና ሠልጥና ከተመለሰች ወዲህ ማኅበርተኞቹን ላስተምር ብትል፣ የሚከለክሏት እኚሁ ሰው ናቸው።

«መኪና ከሌለ ቀድሞ የሚደርሰው የእርስዎ ቃሬዛ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ምን ልታስተምሪን? መሸከም? እናትሽን ምጥ ሲጠናባት አንቺንም ጭምር የተሸከምን እኛ ነን።»

«እግዜር ይስጥልኝ። የማስተምረው አለመቸኮልን ነው። ከገደል የወደቀን ወዲያው ቀና ታደርጉታላችሁ፤ ውሃ ትግቱታላችሁ፤ አዝላችሁት ትሮጣላችሁ።»

«ታዲያ ቆመን እንየው? እኛ ዘንድ ሬሳ እንኳ መሬት ላይ አይተውም።»

«አይተው። አንዱ ራሱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ አንዱ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ይጫን። ከዚያ እንደ ግንድ፣ ሳይታጠፍ፣ እኩል አንሥታችሁ ቃሬዛው ላይ።»

«እግሩን እያወራጨ ‹አንሡኝ› ቢልስ?»

«ያኔ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ። አከርካሪው ቢሰበርም ውስጡ ያለው፣ እግርን የሚያዝዘው ጅማት ገና ደኅና ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የሚበጥሰው አነሣሡ ነው።»

«የሚበጠሰው ካነሡት በኋላ?»

«ካነሡት በኋላ።»

አያ ገብረመስቀል ፊታቸውን ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል መለሱ። ልጃቸው ኢያቄም ከዚያው ገደል ወድቆ፣ እየተፈራገጠ በአባቱ ጀርባ ቤቱ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ከመደቡ አልተነሣም። አገሩ የገደሉን ጋኔን ይከሳል፤ ጋኔኑም እስካሁን መልስ አልሰጠም። ሙሉሃብት ነገሩ ትዝ ያላት ከተናገረች በኋላ ነው፤ ከንፈሯን ነከሰች።

የተማርሁ ነኝና እዚህ ላይ የሥልጠናን ጥቅም መዘርዘር ይጠበቅብኛል። ደም ሳይፈስ ይገታል፤ የሚራመድ ሰው ሲራመድ ይኖራል፤ ሚስት ባሏን፣ አባት ልጁን ዕድሜ ልክ ከማገላበጥ ይድናሉ። ጥቅሙ ብዙ ነው። ለኢያቄም አንዱም አይደርሰውም።

መታጠፊያው ላይ ጩኸት አስቆመን። ምስጋኑ የሚባል ጎረምሳ ሣር ሲያጭድ ተንሸራቶ ወድቋል፤ ሰዎች በብብቱ ይዘው ወደ ባጃጁ ሊጎትቱት ነው። አያ ገብረመስቀል ከሁላችን ቀድመው ወረዱና በሆዳቸው ተኝተው ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ማንም እንዳይነካው። ሙሉሃብት፣ አንቺ እዘዢን። ቅዳሜም ማኅበርተኛው ሁሉ ይመጣል፤ የቀረ ከማኅበሩ ይወጣል።»

አንዱ ወደ ከተማ ስልክ ደወለ። ወዲያው ከሩቅ ሳይረኑ መለሰልን፤ እውነትም ደኅና አድርገው ጠግነውታል። ቃሬዛው እስኪመጣ ጠበቅን።

የምስጋኑ እናት ባንችይርጋ ደርሳ በላያቸው ቆመች።

«ምነው አያ፣ ልጄን እንደ ግንድ መሬት ላይ ያጋድሙታል? የራስዎን ልጅ አዝለው አልነበር የሮጡት? ለኔ ልጅ ሲሆን ጀርባዎ ሳሳ? ምን ነክቶዎት ነው?»

አያ ገብረመስቀል እጃቸውን ከምስጋኑ ጆሮዎች አላነሡም።

«አልናገርም» አሉ።