የመግቢያ ቅጹ ላይ ያለችው መስመር

— ሄሎ?… አዎ፣ እኔ ነኝ። ወንድም ጋሼ?… ደህና ነኝ። ድምፄ እንዲህ የሆነው ከኪኒኑ ነው፤ አፌን እንጨት ያደርገዋል።… አላለቀስኩም። ማልቀስ ራሱ አይመጣልኝም።

— ስማኝ፣ የኮሪደሩ ስልክ ነው፤ ነርሷ አሥር ደቂቃ ነው የሰጠችኝ። ጉዳዬን የሚያየው ቦርድ ነገ ጠዋት ይቀመጣል። ልቆይ ወይስ ልውጣ፣ እነሱ ናቸው የሚወስኑት።… ማን ነገረኝ? ለታካሚ መብት የምትቆመዋ ሴትዮ። ይኸው አጠገቤ ናት።… አይ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለችም። የእኔን ቃል ይዛ ነው ቦርዱ ዘንድ የምትገባው። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። በስድስት ሳምንት እንዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

— … ቆይ፣ ቆይ። እብዷ እኔ፣ የምትቀባጥረው አንተ! ሴትዮዋ ፋይሌን አስነበበችኝ።… መብቴ ነዋ። የመግቢያ ቅጹ ላይ «ራሷን ልታጠፋ ሞክራለች» ይላል። ከሥሩ ያንተ ፊርማ።

— … ለአልጋው ብለህ?

— አውቃለሁ። የመዝገብ ክፍሉ ሰውዬ «እንዲህ ካልተባለ አልጋ የለም» አለህ፤ አንተም አልክ። አራት ቀን አልተኛሁም፣ ከግድግዳ ጋር አወራ ነበር፤ እሱን አልካድኩም። ታምሜ ነበር። ራሴን ግን አልነካሁም። በዚያች መስመር ነው የሚቆለፍበት ክፍል ያስገቡኝ። ጫማዬን ያለ ማሰሪያ እጎትታለሁ፤ ሽንት ቤት በሩን ሳልዘጋ ነው የምገባው።

— እሺ ሲስተር፣ ልጨርስ ነው።… አንተን አይደለም፣ ነርሷን ነው።

— ገመና?… የምን ገመና? ገመናው እኮ እዚህ ተቆልፎበት ተቀምጧል።… እማዬ ብትሰማ ትስማ! እሷማ «ልጄ ልትሞትብኝ ነበር» እያለች ነው የምታድረው። ውሸት መሆኑን ብትሰማ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

— ለቦርዱ ደብዳቤ ጽፈናል። «ወንድሜ እንዲህ ያለው አልጋ እንዳልከለከል ብሎ ነው፤ እኔ አልሞከርኩም» ይላል። ስልኩን ለሴትዮዋ ልስጣትና «አዎ፣ እውነቷን ነው» በላት። ከሥሩ ትጽፈዋለች።… አልተናደድኩም። መናደድም አይመጣልኝም። ትላታለህ ወይስ አትላትም?

— … ወንድም ጋሼ?… ሄሎ?… ሄሎ?

— ዘጋው።… አይ፣ መስመሩ አልተቋረጠም፣ እሱ ነው የዘጋው።… ወንድሜ ያለበትን መስመር ለምን ትሰርዢዋለሽ? ባለበት ይሁን። ነገ ራሴ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። እስክሪብቶውን አቀብዪኝ፣ ልፈርም።