የጠርሙሶቹን ውሃ አትድፉ

ክቡር ዲን፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ለድግሱ አመሰግናለሁ። ለሻንጣውም እንዲሁ። ግን ቤቴ እዚሁ ቦንጋ፣ ከኮሌጁ አጥር ማዶ ነው። አጥር ተሻግሮ ለሚገባ ጡረተኛ ይህን የሚያህል ሻንጣ የሚገዛ ኮሚቴ ምን አስቦ ነው? ተጠርጥራችኋል።

በተለይ እርስዎ፣ አቶ አምባው! የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ከጠዋት ጀምሮ ደጋግመው አቅፈውኛል። ባቀፉኝ ቁጥር እጃቸው የኬሚስትሪ ላብራቶሪው ቁልፍ ወዳለበት ኪሴ ይሄዳል።

ጠርሙሶቼን ታውቋቸዋላችሁ። የማንኪራ ማር የመጣባቸው ናቸው። ሌላው ሰው ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ እኔ ጥቁሩን ዱቄት፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይዱን፣ አጥቤና ቆልቼ ከዚንክ ጋር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከተትኩትና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሠራሁ።

ጉልበቱ ሲቀንስ ሞባይላችሁን በስርቆት ትሞላላችሁ ብዬ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬዬን አሁንም አላነሳሁም። ዋናው ሌባ ግን ውሃው ነበር፤ ማንጋኒዙ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ይወጣል። ውሃው ውስጥ አስቀድሞ የማንጋኒዝ ጨው ካለ ግን መውጣቱ ይቀንሳል፤ ከወጣውም ከፊሉ ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ይለጠፋል። ጨመርኩበት፤ ባትሪውም ከረመ።

ከዚያ ከዞን ጎብኚ ይመጣል ተባለ። ጠዋት ስገባ ጠርሙሶቹ እንደ ምንጭ ጠርተዋል።

«አቶ አምባው፣ ውሃዬስ?»

«ያደፈውን ደፍቼ በባልዲዬ ንጹህ ውሃ ሞላሁልዎት። እንግዳ ሊመጣ አይደል እንዴ፣ መምህር?»

ጎብኚዎቹ አደነቁ። ባትሪው ግን ንጹህ ሆኖ ሞተ። በግምገማው ምክንያቱ ምን ተባለ? «የመምህሩ የአመለካከት ችግር»። እኔ ሒሴን ዋጥኩ፤ አቶ አምባው ፔርሙዝ ተሸለሙ።

የፊዚክስ መምህርቷ ካውሰር ብቻ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የማንጋኒዙ ጨው ተርፎዎታል?» አለችኝ። እንደገና ጀመርን።

አሁን ላብራቶሪው የአሮጌ ወንበር መጋዘን ሊሆን ነው። ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ወንበሮቹ ትናንት በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። እኔ እንኳ ገና አልወጣሁም!

ለመሆኑ ልብ ብላችኋል? መብራት የሄደው ክቡር ዲን ሲናገሩ ነው። የእኔ ድምፅ ግን ይኸው ይሰማችኋል። አቶ አምባው፣ ጠረጴዛው ስር ያለውን ጨርቅ ገለጥ ያድርጉት። አይንኩ፣ ይዩ ብቻ! ድምፅ ማጉያው የሚሠራው በጠርሙሶቹ ነው።

እነዚህ ጠርሙሶች እስከ ጥጋቸው ካሟጠጧቸው ቶሎ ያረጃሉ፤ እየተረፋቸው ሲያቆሙላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። ተናጋሪም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ላብቃ።

ነይ ካውሰር፣ ቁልፉን ተቀበዪ። ክቡር ዲን አጨብጭበዋል፤ ለምን እንደሆነ ባያውቁም ጸድቋል ማለት ነው።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ያብቃላችሁ። የሄደውን መብራት ይመልስላችሁ፤ እስኪመልሰው ጠርሙሶቹን ይጠብቅላችሁ።

ሻንጣውን ተሸክማችሁ የምትሸኙኝ ወጣቶች፣ ከባድ ነው እንዳትሉ። የአቶ አምባው ባልዲ አለበት።