ሦስተኛው ክፋይ

በደርግ ጊዜ ልደታ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። በድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር የምናዘጋጅበት ማሽን ሜሞሪው እየሞላ መሃል ላይ ይቆምብናል። ዝርዝሩ ካልወጣ ደግሞ እህል ከመጋዘን አይጫንም። ወጣቱ ኃላፊያችን ግን «ሜሞሪ ከውጭ ታዟል፣ ጠብቁ» ይለናል። ሁለት ወር ጠበቅን። እኔ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ከዲስኩ ባዶ ክፋይ ብንሰጠው ማሽኑ ከሜሞሪው የተረፈውን ሥራ እዚያ እያስቀመጠ መቀጠል እንደሚችል አነበብኩ። ስዋፕ ይሉታል።

ለአንጋፋው ባልደረባዬ ለጋሽ በየነ ስነግራቸው ደነገጡ። «የክፋዩን ቁጥር ብትሳሳቺ ስሙ ሁሉ ይጠፋል። አሻጥር ነው ብለው ያስሩሻል፣ ልጄ!»

«እህሉንስ ነቀዝ ይብላው? ይልቅ አጠገቤ ቁጭ ብለው ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ስሞቹ ያሉት ሁለተኛው ክፋይ ላይ ነው፤ ባዶው ሦስተኛው ነው። ትእዛዙን ጽፌ ሦስቴ አስነበብኳቸውና ቁልፉን ተጫንኩት። ማሽኑ ዝም አለ።

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ደግ ነው ክፉ?»

እኔም አላወቅሁም። ዝርዝሩን አስጀመርኩት። ሁልጊዜ የሚቆምበትን ቦታ አልፎ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ማተሚያው መንጣጣት ጀመረ። ኃላፊያችን ድምፁን ሰምቶ መጣ፤ ያደረግሁትን ነገርኩት።

«ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

አፌን ሳልከፍት ጋሽ በየነ ብድግ አሉ። «አብረን ነው ያደረግነው። ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ከማተሚያው የሚወርደውን ወረቀት ይዞ ስሞቹን አነበበ። ከዚያ «ሲያልቅ ለመጋዘኑ ደውሉ» ብሎን ወጣ።