ቆሞ መሸከም ሥራ ነው?

ያን ቀን ጠዋት በመምህራን ማሠልጠኛው ኮሪደር ሳልፍ ጋሽ ቀመርን ቤተ ሙከራው በር ላይ አገኘኋቸው። ነባር የፊዚክስ አሠልጣኝ ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሠልጣኞች ናቸው። ብረት የሞላ ሣጥን ታቅፈው ቁልፍ ያዧን ይጠብቃሉ። ወለሉ ገና ስለታጠበ ማስቀመጥ አልፈለጉም። ላግዝዎት ብል ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ የተቆጡት በእኔ ነበርና።

እኔ የማስተማር ዘዴ አሠልጣኝ ነኝ። አንዲት ሠልጣኜ በዋዜማው በልምምድ ክፍሏ «ሥራ» የሚለውን ርዕስ ስታስተምር፣ የተገፋው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ሥራ የለም ትላለች። ይኼኔ አንዲት ተማሪ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድረው ዘበኛው አባቴ ታዲያ ሥራ የለውም ማለት ነው?» ብላ እንባዋ መጣ። ሠልጣኟም ሰሌዳውን ትታ፣ ቃሉ ቤት ውስጥና ፊዚክስ ውስጥ ምን ምን እንደሚል ልጆቹን ስታነጋግር ክፍለ ጊዜው ተጋመሰ። ክፍለ ጊዜውን ተቀምጠው የገመገሙት ጋሽ ቀመር ሊጥሏት ነው፤ ከጣሏት ደግሞ ዓመቱን ትደግማለች።

«ቋንቋ የቋንቋ መምህር ጉዳይ ነው። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው» አሉኝ።

«በምን ቋንቋ ነው የሚያስተምሩት ጋሼ?»

«ነገር አታጣምሚ። ቀመሩን ከያዙ ይበቃቸዋል።»

ቀመሩንማ ይይዛሉ፣ ፈተና ላይ ግን ወደ ሐሳባቸው የሚመጣው ዘበኛው ነው አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ለሠልጣኜ አዘንኩ፤ ተስፋም ቆረጥኩ። በዚህ መሀል ቁልፍ ያዧ እያለከለከች ደረሰች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁዎት።»

«የምን ሥራ መፍታት! ይህን ብረት ታቅፎ መቆም ራሱ ስንት ሥራ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ሣጥኑ እንደሆነ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እኔን አዩኝ፣ ሣጥኑን አዩ፤ ከዚያ ብረቱ እስኪንኳኳ ድረስ ሳቁ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን እኔው ካምታታሁት፣ ያቺ ተማሪ ምን ታድርግ?» አሉ።

ሠልጣኟ አለፈች። ጋሽ ቀመርም በማግስቱ ራሳቸው ልጆቹ ክፍል ገብተው ተማሪዋን፣ «አባትሽ ትልቅ ሥራ ነው የሚሠራው። ፊዚክስ ቃሉን ከእሱ ተውሶ ለሌላ ነገር ስም አደረገው እንጂ» አሏት።

ዛሬ በማሠልጠኛችን የሒሳቡም የሳይንሱም ሠልጣኝ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ቤት ሌላ ትርጉም ያላቸውን ቃላት ለይቶ ይዘጋጃል። ጊዜ ይበላል ተብሎ ነበር፤ ያው ነገር ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ስለቀረ ጊዜ ተረፈ። አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡ የነበሩ ልጆችም መጠየቅ ጀመሩ።

ትናንት ጋሽ ቀመር ደረጃውን እያነከሱ ሲወጡ ጠሩኝ።

«ዛሬ የማስተምረው ስለ ጉልበት ነው። የሚለካውን ከማስተማሬ በፊት የሚያመኝን ላሳያቸው?»