የደጃዝማቹ ዘር

(ሞጣ ከተማ፣ አቶ ጓንጉል ቤት፤ ልጃቸውን ውባለምን ለአበጀ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ዘር ቆጠራ ሲጠብቁ፣ ባልና ሚስት ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ።)

ጓንጉል፦ አልወጣም ብያለሁ! ሆዱን አሞታል በያቸው።

እማዋይሽ፦ አሁን እያዩህ የአራት ሰው ክትፎ በልተህ?

ጓንጉል፦ እሱ ነዋ ያመመኝ።

እማዋይሽ፦ አያ ጓንጉል፣ የአበጀ አባት የራሱን ወገን ቆጥሮ ጨርሷል። ቄስ ሙላት ያንተን ነው የሚጠብቁት። ሰባት ቤት ቆጥረህ ትቀመጣለህ፤ ምን አለበት?

ጓንጉል፦ ሲቆጥር አልሰማሽም? አምስተኛው ቤት ላይ ማንን ጠራ?

እማዋይሽ፦ ደጃዝማች ዘልዑልን።

ጓንጉል፦ የኔን ደጃዝማች!

እማዋይሽ፦ የነሱን።

ጓንጉል፦ እኔስ ከማን ነው የምወርደው? ለውባለምም አምስተኛ ቤቷ እኒሁ ደጃዝማች ናቸው። እንደሱ ከሆነ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸዋ። ሰባት ቤት ካልሞላ ደግሞ ቄሱ አያጋቡም።

እማዋይሽ፦ እሱን ብዬ እኮ ነው ወደ ጓዳ የጠራሁህ። እዚያ ቤት ስትደርስ ደጃዝማቹን ተዋቸው።

ጓንጉል፦ ልተዋቸው? ስንት ዘመን በሳቸው ስም ሰርግ ቤት ከላይ የተቀመጥኩ ሰው? በሳቸው ስም እድር የመራሁ ሰው?

እማዋይሽ፦ ወንበሩ የትም አይሄድም። ልጅቷ ግን ከአበጀ ሌላ ወንድ አላይም ብላለች። ስትል ደግሞ ታውቃታለህ፤ ግትርነቷ ያንተው ነው።

ጓንጉል፦ ቆይ፣ ዘዴ አለኝ። ወደ ኋላ ገፋ ላድርጋቸው። ስምንተኛ ቤት ላይ።

እማዋይሽ፦ ለነሱ አምስተኛ፣ ለኛ ስምንተኛ? በኛ በኩል ጡት ሳይጥሉ ነው የሚወልዱት?

ጓንጉል፦ ቶሎ የሚያገባ ዘር አለ።

እማዋይሽ፦ ባለፈው ጥምቀት «ለልጄ አምስተኛ ቤቷ ናቸው» ብለህ ስትምል ቄስ ሙላት አጠገብህ ነበሩ። ራሳቸው ናቸው «አትማል» ያሉህ።

ጓንጉል፦ እንግዲያው እነሱ ናቸው የተሳሳቱት። ሰው ዘሩን በደንብ ሳያውቅ ሽማግሌ ይልካል?

እማዋይሽ፦ የደጃዝማቹ ጎራዴ ቤታቸው ተሰቅሏል እኮ።

ጓንጉል፦ ጎራዴ ይገዛል።

እማዋይሽ፦ ገዝተህ ነበራ። የፋብሪካውን ስም ልጆች አንብበውብህ ከግድግዳ አወረድከው እንጂ።

ጓንጉል፦ አንቺ ሴትዮ፣ ዘር ከልጓም ይስባል! ደሜ ነው ወደሳቸው የሚስበኝ።

እማዋይሽ፦ ልጓሙን የያዘውማ ያንተ ቅድመ አያት ነው።

ጓንጉል፦ ምን አልሽ?

እማዋይሽ፦ ደጃዝማቹ ከበቅሎ ሲወርዱ ልጓም የሚይዝላቸው፣ ሲሰፍሩ ጭነት የሚያራግፍላቸው ጫኝ ነበር። ደጃዝማቹን በምትጠራበት ቤት ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

ጓንጉል፦ እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ?

እማዋይሽ፦ አባቴ። ሳይቆጥር ልጁን የሚድር አባት የት አለ? ያንተው አባት ፊቱ ቁጭ ብሎ፣ አንድ ሳያስቀር ነው የቆጠረለት።

ጓንጉል፦ አባቴ «ከደጃዝማቹ ቤት ነን» ነበር የሚለኝ።

እማዋይሽ፦ አልዋሸህም። በጋጣው በኩል ናችሁ።

ጓንጉል፦ ...እና ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅሽ ዝም አልሽ?

እማዋይሽ፦ ደስ ይልህ ነበራ። ሌላዋ ሴት ባሏ ይሰክርባታል፤ የኔ ባል ደጃዝማች ይቆጥራል። ተመስገን ነው ያልኩት።

ጓንጉል፦ አፈርኩ፣ እማዋይሽ። አሁን ወጥቼ ጫኝ ስጠራ ሞጣ በሙሉ ይስቅብኛል።

እማዋይሽ፦ ሞጣ ስቆ ጨርሷል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ሲባል፣ ማንን እያዩ ይመስልህ ነበር?

ጓንጉል፦ እኔ እኮ አብሬ ስስቅ ነበር።

እማዋይሽ፦ እስቲ ራስህ ፍረድ። የአበጀ ወገኖች ያንተን ወሬ ቢያምኑ ኖሮ ሽማግሌ ይልኩ ነበር? ለልጃቸው የገዛ ዘመዱን ሊድሩለት?

ጓንጉል፦ ካላመኑ ታዲያ ቆጠራውን ለምን ይጠይቁኛል?

እማዋይሽ፦ ካንተው አፍ መስማት አለባቸዋ። ቄሱ ፊት «ደጃዝማች ዘልዑል» ካልክ ቃልህን ይዘው ተነሥተው ይሄዳሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ።

ጓንጉል፦ እሳቸውን ብለቅ ምን ይቀረኛል? ሹመት የለኝ፣ ሀብት የለኝ። ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እማዋይሽ፦ አባቴ እኔን የሰጠህ ጫኙን ቆጥሮ ነው። ደጃዝማች አምጣ አላለህም።

ጓንጉል፦ አባትሽማ ሰባት ሴት ልጅ በዝቶበት ነው።

እማዋይሽ፦ ይሁንልህ። አንድ ነገር ልበልህና ልውጣ፤ ወጡ እንዳያርብኝ።

ጓንጉል፦ በይ።

እማዋይሽ፦ ደጃዝማቹን አልለቅም ካልክ አንተም ዘራቸው አትሆን፣ ልጅህም ቆማ ቀረች። ከለቀቅሃቸው ግን ውባለም ለአበጀ ትወልድለታለች። የልጅ ልጅህ ከደጃዝማች ዘልዑል ይወርዳል። በእውነት። በየሰርጉ ብታወራ ማንም አይስቅብህም።

ጓንጉል፦ ...በአባቱ በኩል?

እማዋይሽ፦ ቀጥ ብሎ።

ጓንጉል፦ ጋቢዬን አቀብዪኝ። የጫኙ... የቅድመ አያቴ ስማቸው ማን ነበር?