አጥርቶ የሚያሰማው ሳጥን

ከወለቃ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ታቅፏል። ከኋላቸው ተቀምጬ ስሰማ፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮምፒውተርና ስፒከር መሀል የሚገጠም ነው፣ አያ። ድምፁን ያጠራዋል።»

«ሸጋ ነው። ወዴት ትወስደዋለህ?»

«ለባለሱቁ ልመልሰው ነው።»

«ምነው፣ አልሠራም?»

«ሠርቷል እንጂ። ትናንት አማቴን ጠርቼ የመልሳችንን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ድሮ ዘፈኑ ብቻ ነበር የሚሰማው።»

«አሁንስ?»

«ከዘፈኑ ሥር እኔ ለሚዜዬ የማንሾካሹከው ጥርት ብሎ ወጣ።»

«ምን ስትል?»

«‹ወጡ ጨው የለውም፣ ጠላውም ውሃ ነው› ስል።»

«አማትህ ምን አሉ?»

«ለእሁድ ምሳ ጠሩኝ።»

«ባለሱቁ ምን ጎደለው ቢልህስ?»

«ምንም አልጎደለውም፣ አያ። አበዛው እለዋለሁ።»

እኔም እስክወርድ ድረስ የራሴ የመልስ ቪዲዮ የት እንደተቀመጠ ሳስብ ቆየሁ።