ቁልፉን ለእናቷ ሰጡ

የምስክር ቃል
ስም፦ ታፈሰች ደባሱ
ዕድሜ፦ 56
አድራሻ፦ ቂርያት ማላኺ፣ እስራኤል
ሥራ፦ ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ ፋብሪካ የማሸጊያ ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሑድ 18.6.2023

ከላይ ስሜ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ሐሙስ 15.6.2023 ስለ ደረሰው ነገር ተጠይቄ በአማርኛ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ልጄ ኦሪያን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስትሆን ያቭነ ውስጥ በሕፃናት መዋያ ትሠራለች። ዴቪር ከሚባል የገደራ ልጅ ጋር ሰርጓ ለኦገስት ተቆርጦ ነበር። በእኛ በቤተ እስራኤል ወግ በሰርጉ ዕለት ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ ክር ያስራሉ። ነጩ የወንዱ ንጽሕና፣ ቀዩ የሴቲቱ ድንግልና ነው። ስለ ነጩ የጠየቀ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስለ ድግሱ እንነጋገር ተብለን ከልጄ ጋር ገደራ ወደሚገኘው የዴቪር አጎት የአቶ ፈንቴ ቤት ሄድን። ዴቪርም ነበር። ገና ሳንደላደል አቶ ፈንቴ በሩን ቆለፉ። ኦሪያን ወታደር ሳለች ከአንድ ወንድ ጋር ኖራለች የሚል ወሬ እንደ ሰሙ፣ ቀዩ ክር በሐሰት እንዳይታሰር ያቭነ ያለ የግል ሐኪም ሊያያት እንደሚገባ፣ ቀጠሮውም ለዚያው ዕለት እንደ ተያዘ ተናገሩ።

ልጄ "ዴቪርስ? እሱን ማን ያየዋል?" አለች። ዴቪር ከአንዲት ልጅ ጋር በአንድ ቤት ሁለት ዓመት እንደ ኖረ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። አቶ ፈንቴ ሳቁና "ወንድ ልጅ ምን ነውር አለው!" አሉ። ዴቪር አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ኦሪያን ተነሥታ "ዳይ! ይበቃል። ገላዬ የኔ ነው፤ ሮፌ ጋ አልሄድም" አለች፤ ሮፌ የምትለው ሐኪሙን ነው። አቶ ፈንቴ ክንዷን ይዘው ጎትተው አስቀመጧት። ከዚያም የበሩን ቁልፍ በእጄ አስጨበጡኝና "እርስዎ እናት ነዎት፤ የልጅዎ ገመና የርስዎ ነው። እሺ እስክትል እንዳይከፍቱ" ብለው፣ እንደምንዘገይ ለመናገር ወደ ሐኪሙ ቤት ደወሉ። ከእኔ የበለጠ ዘበኛ እንደማያገኙ አምነው ነበር። እኔ ስዳር እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሩን ከፈትኩና "ሂጂ ልጄ" አልኳት። ወጣች።

አቶ ፈንቴ ስልኩን ጥለው "አንቺ! እናት ነኝ ትያለሽ?" እያሉ ክንዴን ጠምዝዘው ከበሩ መቃን ጋር አጋጩኝ። አሁን የሚታየው የበለዘው ግራ ክንዴ ነው። ዴቪር ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ሽማግሎች ቤቴ መጡ። ለፖሊስ ያመለከትኩት ክስ ከቀጠለ ሰርጉ ይፈርሳልና "ወድቄ ነው በይ" ብለው ለመኑኝ። ሽማግሌ አከብራለሁ፤ ነገር ግን አልወደቅሁም። ሰርጉ ይቅር አይቅር የምትወስነው ልጄ ናት። እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አላጣድፋትም።

ስለ ኦሪያን የተወራው እውነት ነው ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄ፦ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ዴቪርን ያልጠየቀ እሷን አይጠይቅም።

መርማሪው ይህን ጥያቄ ልሰርዘው ወይ አለኝ። አይሰረዝ፤ እንደ ተጠየቅሁ ይታወቅ አልኩ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጻፈው ያልኩትን ነው፤ ያልሆነ ነገር የለበትም። ስለ እውነትነቱ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ታፈሰች ደባሱ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሺሞን ይሄይስ